የሦስተኛው ኩባያ ጣዕም

ፋብሪካው ከረሜላ፣ ብስኩትና ቺፕስ ይሠራል። ማክሰኞና ዓርብ፣ ከምሳ በፊት፣ ከማሸጊያው ክፍል ጀርባ ባለችው ነጭ ክፍል ውስጥ አምስት ሠራተኞች ጎን ለጎን ይቀመጡና ገና ገበያ ያልወጣ ነገር ይቀምሳሉ። ከአምስቱ አንዷ አሻጊዋ ነበረች።

እዚያ የተቀመጠችው ፈልጋ አይደለም። አንድ ቀን ማሽኑ አጠገብ ቆማ የብርቱካን ከረሜላ ስታሽግ ድንገት እጇን ገታ አደረገችና ስኳሩ አርሯል አለች። አብረዋት የሚያሽጉት ሴቶች ሳቁባት። ከረሜላው እንደ ወርቅ ያበራ ነበርና ማን ይመናት? ወሬው ግን ከአፍ ወደ አፍ ሄዶ ጣዕም ቀማሚዋ ጆሮ ደረሰ። ቀማሚዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰክታ መነጽሬ የት ገባ እያለች የምትፈልግ፣ ደግ ትልቅ ሴት ናት። መጥታ ቀመሰች፤ የስኳሩን ድስት አስከፍታ አየች። እውነትም ከሥሩ ይዞት ነበር። በማግስቱ አሻጊዋን አስጠራቻትና፣ እንዲህ ያለ ምላስ ይዘሽ ካርቶን ስታጣብቂ መዋልሽ ያሳዝናል፣ ከዛሬ ጀምሮ ቀማሽ ነሽ አለቻት።

ሴቶቹ ምላሷ ሹመት አገኘ ብለው ቀለዱባት። እሷ ግን ሹመቱን ፈራችው። መቅመስ ብቻ ቢሆን ምን ገዷት? ከመቅመሱ በኋላ ወረቀት ይሞላል። አሻጊዋ ደግሞ ማንበብም መጻፍም አትችልም።

ይህን የሚያውቅ ሰው እናቷ ብቻ ናቸው። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች እናትየው ታመው አልጋ ያዙ፤ ልጅቱ እሳቸውን ስታስታምም ከትምህርት ቤት ቀረች። እናትየው ሲድኑ እሷ አሥራ ሁለት ሞልቷት ነበር፤ ከትንንሾች ጋር አልቀመጥም ብላ እንቢ አለች። እናትየው ራሳቸው ፊደል አልቆጠሩምና ማንበብ ሊያስተምሯት አልቻሉም። ያስተማሯት መደበቅን ነው። ወረቀት ሲሰጡሽ ጣቴን ቆርጦኛል ብለሽ በጨርቅ እሰሪ፤ ዓይኔን አሞኛል በይ፤ ቤት ወስጄ ረጋ ብዬ ልየው በይ። ጠዋት ጠዋት ከቤት ስትወጣ ሻርፗን እያስተካከሉ፣ «ሰው ፊት እንዳትዋረጂብኝ» ይሏታል። ጭንቀታቸው ከፍቅር የመጣ ነበር። ልጃቸው በዚያ ጭንቀት ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሞላት።

በነጩ ክፍል ጠረጴዛ ላይ፣ በየሰዉ ፊት፣ ቁጥር የተጻፈባቸው የወረቀት ኩባያዎች ይደረደራሉ። በመሀል አፍ የሚጉመጠመጡበት ውሃ አለ። ወረቀቱ ላይ ለያንዳንዱ ኩባያ አምስት ሳጥን አለ፤ ከእጅግ ጥሩ እስከ እጅግ መጥፎ። ቀማሚዋ ሰው በልማድ እንዳይሞላ ብላ ቅደም ተከተሉን ሁልጊዜ ትለዋውጠዋለች። ዛሬ ጥሩው ከላይ ቢሆን፣ ዓርብ ከታች ይወርዳል። ስለዚህ አሻጊዋ ቦታውን በቃሏ ልትይዘው እንኳ አልቻለችም።

የመጀመሪያው ቀን ላብ አጠመቃት። ከረሜላው የቲማቲምና የናና ነበር። ጣዕሙን ምላሷ አንድ በአንድ ለይቶ አስቀመጠላት፤ እጇ ግን ወረቀቱ ላይ ደርቆ ቀረ። ያኔ ነው ዓይኗ ወደ ግራ የሸሸው።

በግራዋ የተቀመጠው የፋብሪካው መካኒክ ነበር። ዝምተኛ ነው፤ በጥፍሩ ሥር ሳሙና የማያስለቅቀው ግራሶ አለ፤ ስድስት ዓመት ቀማሽ ሆኖ ኖሯል። ምልክት ሲያደርግ እስክሪብቶውን ጫን አድርጎ ትልቅ ኤክስ ያኖራል። እሷም በሽፋሽፍቷ ሥር አጮልቃ አየችና ኤክሷን እዚያው ሳጥን ውስጥ አኖረች። ሁሉም ሲጨርሱ ቀማሚዋ ውጤቱን ጮክ ብላ አነበበች። አሻጊዋ ጆሮዋን ማመን አቃታት። መካኒኩ የሰጠው ፍርድ የእሷው የምላስ ፍርድ ነበር።

በቀጣዩ ቀንም እንደዚያው ሆነ። ጨው የገባበት የሐብሐብ ከረሜላ፣ ኮምጣጤ የተረጨበት የሙዝ ቺፕስ፣ የዱባ ብስኩት፤ እሷ የወደደችውን እሱ ወደደ፣ እሷን ያስጠላት እሱንም አስጠላው። አሻጊዋ አንድ ምላስ ለሁለት የተሰጠን ነን ብላ በልቧ ተደነቀች። አንዳንዴ ቀና ስትል እያያት ታገኘዋለች። ስታላምጥ ያያታል። ስትውጥ ያያታል። ጆሮዋ ድረስ ትቀላለች፣ አንገቷን ትደፋለች፣ ደግሞም ውስጥ ውስጡን ደስ ይላታል።

ጠረጴዛው ላይ ከቀሩት ሦስት ቀማሾች ጨዋታ አይጠፋም። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሰውዬ ሁሉን ነገር ጥሩ ነው ስለሚል፣ ሾፌሩ ኩባያውንም ጨምራችሁ ስጡት ይል ነበር። የኮምጣጤውን ሙዝ ደግሞ የተኳረፉ ባልና ሚስት በአንድ ከረጢት ብሎ ሰየመው። የጥበቃዋ ሴትዮ የኪያር ከረሜላ ስትቀምስ፣ ይህን የሠራው ሰው የተጣላኝ ነው አለች፤ ቀማሚዋም የሠራሁት እኔ ነኝ ብላ በሳቅ ፈረሰች።

ከሥራ በኋላ መካኒኩና አሻጊዋ አውቶቡስ የሚጠብቁት አንድ ቦታ ነው። ቀስ በቀስ ጎን ለጎን መቆም ጀመሩ። እሱ ከየሱቁ አዲስ የወጣ ከረሜላ እየገዛ ኪሱ ውስጥ ይዞላት ይመጣና ቅመሽና ንገሪኝ ይላታል። መጀመሪያ አፍራ ነበር። በኋላ ግን እንዲህ የሚያዳምጣት ሰው አጋጥሟት እንደማያውቅ ገባት። ቁንዶ በርበሬ ያለበትን የኮኮናት ከረሜላ፣ ሲገባ እንደ እንግዳ ቀስ ብሎ ነው፣ ሲወጣ ግን በሩን ደብድቦ ነው አለችው። እሱ ሳቀ፤ ከዚያ ይህን ነገር ድገሚልኝ አላት።

እናትየው ከቀሚሷ ኪስ ውስጥ የከረሜላ ወረቀት ሲበዛ ነገሩ ገባቸው። ማን እንደሆነ ጠየቁ፤ ነገረቻቸው። ከዚያ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«እንዳያውቅ፣ ልጄ። የተማረ ሰው ነው። ያወቀ ቀን ዞሮም አያይሽ።»

ይህ ቃል እንደ እሾህ ውስጧ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ከመካኒኩ ጋር በሳቀች ቁጥር፣ ሳቋ መሀል ላይ ይቆረጥ ጀመር።

ስምንት ወር አለፈ። አንድ ሐሙስ አውቶቡሱ ሲመጣ መካኒኩ እንደ ወትሮው አልተሰናበታትም። የወሩ መጨረሻ እሁድ እናትሽን ልጠይቅ ብመጣ ቅር ይልሻል ወይ አላት። አሻጊዋ በአንገቷ ንቅናቄ ብቻ፣ ቅር አይለኝም አለችው። ያን ቀን አውቶቡሱ ውስጥ መውረጃዋን አልፋ ሄደች።

በማግስቱ፣ ዓርብ፣ አራት ኩባያ ቀረበ። አሻጊዋ ከደስታዋ የተነሳ ዱላም ቢያቀምሷት ትስቅ ነበር። የመጀመሪያውን ሳቀችለት፣ ሁለተኛውንም ሳቀችለት። ሦስተኛው ኩባያ የማርና የሽንኩርት ቺፕስ ነበር። ገና አፏ ሲገባ ምላሷ ነገራት፤ ዘይቱ ሸቷል። ከማሩ ሥር ተደብቆ የቆየ፣ አሮጌ፣ ጉሮሮ የሚይዝ ነገር ነበር። ፊቷ ሊኮሳተር ሲል ቀና ብላ አየች። መካኒኩ እያያት ነው።

በዚያን ቅጽበት ያሰበችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ትናንት እንዲያ ያለኝ ሰው ዛሬ ፊቴን አጨፍግጌ አይየኝ። ፈገግታዋን አልለቀቀችም። ዋጠችው። ከዚያ እሱ ኤክሱን አኖረ፣ እሷም አየችና አኖረች። ምላሳችን አንድ ነው፤ መጥፎ ብሎ ይሆናል ብላ ተማምናለች።

ቀማሚዋ ውጤቱን ስታነብ ሾፌሩና የጥበቃዋ ሴትዮ መጥፎ ብለዋል። የግምጃ ቤቱ ሰውዬ እንደ ልማዱ ጥሩ ብሏል። መካኒኩና አሻጊዋ እጅግ ጥሩ።

አሻጊዋ ጠረጴዛውን ያዘች። ሦስት ሰው ከወደደው ያልፋል፤ ደንቡ ይህ ነው። ቀማሚዋ የራሷን ሥራ ራሷ አትዳኝም። ወደ አሻጊዋ ዞራ፣ እኔ እንኳ ይህን ፈርቼው ነበር፣ አንቺ ካሳለፍሽው ግን ልቤ ያርፋል አለቻት። ተሳስቻለሁ ማለት ትችል ነበር። ግን ተሳስቻለሁ ብትል፣ ታዲያ ይህን ኤክስ ለምን አደረግሽ ይሏታል። ዝም አለች።

ሁለት ሳምንት በዝምታ አለፈ። ናሙናው ብቻ ይሆናል የሸተተው፣ ለገበያው አዲስ በርሜል ይከፍታሉ እያለች ራሷን ታጽናናለች። በሦስተኛው ሳምንት መጀመሪያ ካርቶኖቹ ከየሱቁ ተመለሱ። የማሸጊያው ክፍል በተመለሰ ቺፕስ ታጨቀ። የቀማሚዋ ነጭ ጋውን ባዶውን ተሰቅሎ ታየ፤ ጉዳይሽ እስኪጣራ ቤትሽ ቆዪ ተብላ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ሥራ አስኪያጁ አምስቱን ቀማሾች ነጩ ክፍል ሰበሰበ። ቀማሚዋንም አስጠርቷት ግድግዳው አጠገብ ቆማለች። ሥራ አስኪያጁ የስምንት ወሩን ወረቀት አንድ በአንድ አይቻለሁ አለ። የመካኒኩና የአሻጊዋ ወረቀት ኤክስ በኤክስ አንድ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ አልተለያየም። ሁለት ሰው እንዲህ ሊገጥም አይችልም። ስለዚህ ወረቀቱን ራሷ ቀማሚዋ ሞልታዋለች ብሎ ጠርጥሯል። ቀማሚዋ አልጮኸችም። ልጆቹ ተሳስተው አያውቁም፣ ምናልባት ዘይቱ በኋላ ተበላሽቶ ይሆናል አለች፤ በተለይ የዚህችን ልጅ ምላስ አምነዋለሁ አለች።

ሥራ አስኪያጁ እያንዳንዱ ሰው የዚያን ዓርብ ወረቀቱን ተቀብሎ፣ የእጁ ሥራ መሆኑን ካየ በኋላ ጮክ ብሎ እንዲያነብ አዘዘ። ሾፌሩ አነበበ። የጥበቃዋ ሴትዮ አነበበች። የግምጃ ቤቱ ሰውዬ እያቅማማ አነበበ። መካኒኩ፣ «እጅግ ጥሩ» ብሎ ዝቅ ባለ ድምፅ አነበበና ወረቀቱን ገልብጦ አስቀመጠው።

ከዚያ ወረቀቱ ወደ አሻጊዋ ተዘረጋ።

እናቷ ያስተማሯት ሁሉ አንድ በአንድ መጣላት። ዓይኔን አሞኛል። ራሴን አዞረኝ። ጉሮሮዬ ተዘግቷል። ደግሞ ከጎኗ ያለውን ሰው አሰበች። እሁድ ሊመጣ ሦስት ቀን ቀርቶታል። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ቀና ስትል ቀማሚዋን አየች፤ በዚያ ሁሉ መሀል እንኳ አይዞሽ በሚል ዓይን ታያታለች።

«ማንበብ አልችልም» አለች አሻጊዋ።

የተዘረጋላትን ወረቀት አልተቀበለችም።

«ፊደል አላውቅም። ስምንት ወር ሙሉ ከጎኔ እያየሁ ነው ምልክት ያደረግሁት። ወረቀቶቹ አንድ የሆኑት ለዚህ ነው። ዘይቱ ያን ቀንም ሸቶ ነበር፤ ምላሴ ነግሮኛል፣ እኔ ነኝ ዝም ያልኩት። እትዬ ምንም አላጠፉም።»

ሁሉም ወደ መካኒኩ ዞሩ። አሻጊዋም ዞረች። አንድ ቃል ይናገራል፣ ቢያንስ ያየኛል ብላ ጠበቀች። እሱ ጥፍሩ ሥር ያለውን ግራሶ እያየ ነበር። አላያትም። አልተናገረም።

እናቴ ያሉት ይኸው ሆነ አለች በልቧ።

ቀማሚዋ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ለአሻጊዋ የታሸገ ደብዳቤ ተሰጣት። ደብዳቤው ምን እንደሚል እንኳ አታውቅም፤ እቤት ወስዳ ፍራሽ ሥር ከተተችው። ሁለት ቀን ማሸጊያው ክፍል ውስጥ ሴቶቹ አጠገቧ ሲደርሱ ድምፃቸውን ይቀንሱ ነበር። ቢቀልዱባት ይሻላት ነበር። አውቶቡስ የምትጠብቀውም አንድ ማቆሚያ በእግሯ እየሄደች፣ ሌላ ቦታ ሆነ።

እሁድ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። እናትየው ከፈቱ። መካኒኩ ነው፤ ሸሚዙን ተኩሶ፣ ፊቱ አመድ መስሎ ቆሟል። እናትየው ሊመልሱት ፈልገው ነበር፤ ግን በር ላይ የቆመ ሰው ማሳፈር አልሆነላቸውም። ቤቱ አንድ ክፍል ነው። ከምድጃው አጠገብ ያለውን ወንበር ሰጡት። አሻጊዋ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

እናትየው ሽንኩርት ጥደው ነበር፤ ከድንጋጤያቸው ብዛት ረሱት። ትንሽ ቆይቶ የማረሩ ሽታ ቤቱን ሞላው። አሻጊዋ አልጋው ላይ እንዳለች አፍንጫዋን በእጇ ያዘች፤ እናትየው ሮጠው ድስቱን አነሱ። መካኒኩ ከድስቱ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ተቀምጦ ምንም እንዳልተፈጠረ ያያቸዋል።

«አንተ ልጅ፣ አፍንጫ የለህም እንዴ?» አሉት እናትየው።

«የለኝም፣ እማማ» አለ። «እሱን ልነግራችሁ ነው የመጣሁት።»

ከዚያ ተናገረ። የዛሬ ዓመት ተኩል ትኩሳት ይዞት ሲነሳ ሽታ የሚባል ነገር ጠፋበት። ጨው ጨው ይለዋል፣ ስኳር ይጣፍጠዋል፤ ከዚያ ውጪ ብርቱካንና ሎሚ እንኳ አይለይም። ስድስት ዓመት ቀማሽ ሆኖ የኖረ ሰው ምላሴ ሞተ ማለት አፈረ። ዛሬ ይመለሳል ነገ ይመለሳል እያለ በግምት ሲሞላ ከረመ። ከዚያ እሷ መጣችና አጠገቡ ተቀመጠች። ፊቷ ላይ ሁሉም ነገር ይታያል። ሲኮመጥጣት የግራ ቅንድቧ ብድግ ይላል፤ ስትወደው ቀስ ብላ ትውጣለች። እሱም ያንን እያየ መሙላት ጀመረ።

አሻጊዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞረች።

«ታዲያ ስታየኝ የነበረው ለወረቀቱ ነው?»

«የመጀመሪያውን ሳምንት ለወረቀቱ ነው» አለ። ወዲያው ጨመረ፤ «ከዚያ በኋላ ወረቀቱ ሰበብ ሆነ።»

«ሦስተኛው ኩባያስ?»

«ሳቅሽ እኮ።»

«ፊቴን አጨፍግጌ እንዳታየኝ ብዬ ነው የሳቅሁት።»

ሁለቱም መሬት መሬት አዩ። እናትየው ድስቱን እንደያዙ ቆመው ሳቃቸውን ለማፈን ከንፈራቸውን ነከሱ። እሷ የእሱን ወረቀት ታያለች፣ እሱ የእሷን ፊት ያያል። ስምንት ወር ሙሉ ፋብሪካው ሁለት ቀማሽ አለኝ እያለ ያሠራው በአንድ ምላስ ነበር።

አሻጊዋ ግን አልሳቀችም።

«ማንበብ አልችልም ስል ለምን ዝም አልክ?» አለችው። «ሁሉም ሲያዩኝ ብቻዬን አቆምከኝ።»

መካኒኩ ፈራሁ አለ። አንቺ ስትናገሪ እኔ አሁን እናገራለሁ እያልኩ ነበር፣ ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ደረሰና ተመለሰ አለ። ከዚያ ወዲህ አልተኛሁም፣ ካንቺ ይልቅ ከራሴ ተደበቅሁ አለ።

ያኔ እናትየው ድስቱን አስቀመጡ። ወደ አልጋው ሄደው ከፍራሹ ሥር ደብዳቤውን አወጡ። ዕድሜ ልካቸውን ለማንም ያላሉትን ለዚህ እንግዳ አሉት።

«እስቲ መጀመሪያ ይህን አንብብልን። እኔም ፊደል አላውቅም።»

አሻጊዋ እናቷን አየቻቸው። አፋቸውን በሻርፓቸው ይዘው ዓይናቸው እንባ ሞልቷል፤ አንገታቸውን ግን አልደፉም። መካኒኩ ደብዳቤውን ከፍቶ አነበበ። ከቀማሽነት ተነስተሻል፣ ማስጠንቀቂያው ማኅደርሽ ውስጥ ይቀመጣል ይላል። ሲጨርስ አጥፎ በሁለት እጁ ለእናትየው መለሰው። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ለእኔም ይገባኝ ነበር አለ።

«ለእኛ የነገርከንን እዚያ ንገራቸው» አለችው አሻጊዋ። «እናቴ ፊት ብቻ ከሆነ አልፈልገውም።»

ሰኞ በምሳ ሰዓት፣ ሠራተኛው ሁሉ መመገቢያ አዳራሹ ውስጥ ሳለ መካኒኩ ተነስቶ ቆመ። አነጋገሩ አላማረም፤ ተንተባተበ፣ አንድ ብርጭቆም ደፋ። ግን አንድም ሳያስቀር ተናገረ። ሾፌሩ ታዲያ ለዓመት ተኩል ያጎረስንህን መልስ አለው፣ አዳራሹም በሳቅ ተናወጠ። ሥራ አስኪያጁ አልሳቀም። ማክሰኞ ለእሱም ደብዳቤ ደረሰው።

በዚያው ሳምንት አሻጊዋ ለጎልማሶች የሚሰጠው የማታ ትምህርት ገባች። ብቻዋን አልሄደችም። እናቷ አጠገቧ፣ ደብተራቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል፤ መምህሯ በጠየቀች ቁጥር ሁለቱም እኩል አንገታቸውን ይደፋሉ።

ዓርብ በምሳ ሰዓት ቀማሚዋ አዳራሹ ውስጥ ገብታ ቀጥ ብላ አሻጊዋ ጋ መጣች። ሥራ አስኪያጁን ለምና አስፈቅዳለች። ካሁን በኋላ ወረቀቱን የምይዘው እኔ ነኝ፣ አንቺ በአፍሽ ተናገሪ አለችና ኩባያ አስቀመጠችላት። የሁሉም ማንኪያ ቆመ። አሻጊዋ አንዱን ቺፕስ አንስታ አፏ ውስጥ አደረገች። ፊት ለፊቷ የተቀመጠው መካኒኩ ከዚያው ኩባያ ለራሱ አንስቶ አላመጠና፣ ሰዉ ሁሉ እየሰማ ጠየቃት።

«ምን እየበላሁ ነው?»

ጆሮዋ ጋለ። ሦስት ጠረጴዛ ራቅ ብሎ አንድ ሰው ሲስቅ ሰማች። ኀፍረቱ አልለቀቃትም፤ ምናልባትም ለከርሞም አይለቃትም።

«ሎሚ» አለችው። «ከሎሚው ሥር ደግሞ የተቆላ ሰሊጥ አለ። ዘይቱ ትኩስ ነው፣ አትፍራ። ቀስ ብለህ ዋጠው።»

ድምጿን አልቀነሰችም።